ስለ ጥንት ወታደሮች የጕዞ ዕቃ

ሰው ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ጊዜ ልቡን የሚያሳርፍበት አንድ ጉዳይ መፈለጉ የታወቀ ነው። አንዱ የደብዳቤ ቴምብር ይለቅማል፤ ሁለተኛው ንብ ያነባል፤ ሦስተኛውም በጓሮው ጌሾና ቡና ተክሎ ሲኰተኵት ይውላል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍና ስገለብጥ የምውል ጸሐፊ ስሆን፥ በዕረፍት ቀን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለው ባላገር እየዞርኩ የጥንት ወታደሮች ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ዕቃ እፈልጋለሁ። ጠመንጃውን ማለቴ አይደለም። ጠመንጃ ወዳጅ አጥቶ አያውቅም፤ በጎጃም ሰው በሬውን ሸጦ ቢገዛው የሚደነቅ የለም፤ ሲሞትም ለልጁ ያወርሰዋል። ስልቻው፥ ዝናሩ፥ የውሃው ቅል፥ የቀንዱ ዋንጫ፥ የመኝታው ቍርበት ግን ከባለቤቱ ጋር አርጅቶ መጨረሻው ውሻ የሚጐትተው ይሆናል። እኔ የምከተለው ይህን የተናቀውን ነው።

ባለቤቴ ይህን ልማዴን በመጀመሪያው ዓመት በመልካም ዓይን አላየችውም። «የሰው ባል ለቤቱ ሸቀጥ ይዞ ይገባል፤ አንተ የሙታን ጓዝ ታራግፍብኛለህ» ትለኝ ነበር። እውነትም ሦስት ልጆች በሚያድጉበት ጠባብ ቤት ውስጥ የአሮጌ ቍርበት ሽታ ቀላል ነገር አይደለም። ኋላ ግን ተስማማን። ስምምነታችንም ይህ ነው፤ የምሰበስበው ሁሉ አንድ የእንጨት ሣጥን ከሚይዘው እንዳይበልጥ፤ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በወይራ ጢስ እንዲታጠን፤ ለልጆች ደብተርና ጫማ ከተመደበው ገንዘብም አንድ ብር እንኳ እንዳይነካ። ሣጥኑ ከሞላ በኋላ ዐዲስ የሚገባ እንደ ሆነ አንዱ አሮጌ ይወጣል። ይህ ሕግ ሲወጣ ከፍቶኝ ነበር፤ ሆኖም ያገኙትን ሁሉ ከማግበስበስ ይልቅ መምረጥን ያስተማረኝ እርሱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በእጄ የገባው ስልቻ ነው። ስልቻ እንዴት እንደሚሠራ ከከተማ ልጆች ብዙዎቹ አያውቁም። ፍየሉ ከታረደ በኋላ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ቆዳው እንደ እጅጌ ሙሉውን ይገፈፋል፤ ከዚያም ይለፋል፤ የእግሮቹ ቀዳዳ በጠፍር ይታሠራል፤ እህሉም በአንገቱ በኩል ይገባል። በሆዱ በኩል ስፌት ስለሌለው ዱቄት አያፈስም። ሲሞላ በትከሻ ያነግቱታል፤ ሲጐድል ይጠቀለላል፤ ሌሊት ደግሞ ትራስ ይሆናል። እኔ በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቆሎ ተማሪ ሆኜ አኮፋዳ ተሸክሜአለሁና፥ ምግቡን በትከሻው ይዞ የሚሄድ ሰው ማንገቻው ወዴት በኩል እንደሚቈረቍረው ዐውቃለሁ። ከጅጋ በታች ካለ አንድ መንደር ያገኘሁት ስልቻ በማንገቻው ላይ የነጠላ ቅዳጅ ተጠምጥሞበታል፤ የተጠመጠመውም ከግራ ትከሻ አጥንት በሚያርፍበት ስፍራ ብቻ ነው። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልተገኘም። ነገር ግን ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው፥ ስንቁን በግራው ይዞ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው መሆኑን ጨርቁ ይመሰክራል።

በዱሮ ዘመን መንግሥት በየመንገዱ የእህል ጎተራ ቢያዘጋጅም እንኳ፥ የዘማቹ ዋናው ስንቅ ከገዛ ቤቱ የሚወጣ ነበረ። የያዘው ሲያልቅ በደረሰበት አገር ባላገር ላይ ይወድቃል፤ በዚህም ምክንያት ባላገሩ የወገን ጦር ሲያልፍ እንኳ ከብቱን ወደ ቈላ ያሸሽ ነበር። ክተት ሲታወጅ በየቤቱ ምጣዱ ቀንና ሌሊት ከእሳት አይወርድም። ገብሱ ተቈልቶ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሥጋው ተሰንጥቆ ቋንጣ ይሆናል፤ ዳቦ ቆሎው እየተቈረጠ ይቈላል። በተለይ በሶ ለወታደር የሚስማማ ምግብ ነው። በውሃ በጥብጦ ወይም በእጁ ጨብጦ የሚበላ ሰው እሳት አያነድም፤ እሳት ካላነደደም ጢሱ ለጠላት አይታይበትም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሥር ሆኖ በዐድዋ የተሰለፈው ጎጃሜ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ትግራይ የደረሰው እንዲህ ባለ ስንቅ ነው። በ1928 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር መርተው በጎንደር በኩል እስከ ሽሬ በዘመቱ ጊዜም ነገሩ ከዚህ ብዙ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ጠላት ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተከዜ አጠገብ ከአውሮፕላን መርዝ ወረደባቸው፤ ከመርዙም የሚያድን መሣሪያ በማንም ስልቻ ውስጥ አልነበረም። ኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ ጦር ጋር ዘምተው ነበር፤ የመጽሐፋቸው ታሪክ የሚጀምርባት ማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም ብዙ አትርቅም።

አሁን ስለ ዝናር ልናገር፤ ልቤ ያለው ከዚህ ላይ ነውና። ዝናር ከበሬ ቆዳ የሚቈረጥ ሰፊ መታጠቂያ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ጥይት አንድ አንድ ማደሪያ ተሰፍቶለታል። ሰዎች ዝናር ሲያሳዩኝ «ይህ የዐድዋ ነው» ይሉኛል። ሁሉም የዐድዋ ነው! እኔ ግን ከመመለሴ በፊት ጣቴን ወደ ማደሪያው አገባለሁ። ጠመንጃዎቻችን ከልዩ ልዩ መንግሥታት ስለ መጡ የጥይታቸው ውፍረት አንድ አይደለም። ውጅግራ የምንለው ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ፥ በ1874 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ጠመንጃ ነው፤ የእርሳሱ ውፍረት 11 ሚሊሜትር ነው፤ ቀልሃው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይወፍራል። ለበን የምንለው 8 ሚሊሜትር ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ይዘውት የመጡት ካርካኖ 6.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጥይቱም ስድስት ስድስት ሆኖ በመቈንጠጫ እየታሠረ ይጐርሳል። ስለዚህ አውራ ጣቴ ሳይጨነቅ የሚገባበት ማደሪያ ለውጅግራ የተሰፋ ነው እላለሁ፤ ትንሿ ጣቴ ብቻ የምትገባበት እንደ ሆነ ከጠላት ወረራ በኋላ የተሠራ ወይም የታደሰ ነው። ይህ መለኪያ ፍጹም አይደለም፤ ቆዳ በዘመን ብዛት ይኰማተራልና። ነገር ግን ከአፍ ታሪክ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል።

ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለው መንገድ ለእንደ እኔ ያለ ሰው የተለየ አዝመራ አለው፤ ምክንያቱም የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ነው። ኰሎኔል ሳንድፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኝተው ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርም በበላያ ተራራ በኩል ወደ ደጋው ወጣ። ጓዙን የተሸከሙት ከሱዳን የመጡ ግመሎች ነበሩ፤ ቍጥራቸው ወደ 15,000 ይደርስ ነበር ይባላል። ግመል ግን ለደጋ ብርድና ለገደል አልተፈጠረም፤ ከጥቂቶቹ በቀር በመንገድ አለቁ። ግመሉ ሲወድቅ ጭነቱም እዚያው ይወድቃል። ኢጣልያኖችም የካቲት 25 ቀን የቡሬን ምሽግ ለቀው ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍጉ፥ ከሁለት ቀን በኋላ በጨረቃ ወንዝ አጠገብ መንገዳቸው ላይ ከነበረው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጠሙ፤ ውጊያው ብርቱ ነበር፤ በቍጥር ይበልጡ ስለ ነበር ጥሰው አለፉ። የሚሸሽ ጦር ሸክሙን እያቃለለ ይሄዳል፤ አርበኛውና ባላገሩም እየተከተለ ያነሣል። ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬውን ስሟን ያወጡላት ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መንገድ ሲያልፉ ነው ይባላል። የሰላም መንገድ ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ የተነሣው ዕቃ ሁሉ ወደ ቤት ገብቶ የቤት ዕቃ ሆነ። የኢጣልያ ወታደር ጋሜላ የሚሉት የመብል ቆርቆሮ በማንኩሳ አንዲት እናት ቤት የሽሮ መስፈሪያ ሆኖ አይቼአለሁ። በቡሬ አንድ ሽማግሌ ዘንድ የጥይት ሣጥን የግብር ደረሰኝ ማኖሪያ ነው። ከኔ ሣጥን ውስጥ ያለው ኮዳ በውጭ የለበሰው ግራጫ የበግ ጠጕር ግማሹ በብል ተበልቷል፤ ከሥሩ ግን በምስማር የተፋቀ ስም አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የላቲን ፊደል ተምሬአለሁና አነበብኩት፤ የአንድ ኢጣልያዊ ተራ ወታደር ስም ነው፤ ከጐኑም ትንሽ መስቀል ቀርጾበታል። ልጄ «አባባ፥ ይህ ሰው ጠላት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «አዎን» አልኳት። «ታዲያ ስለ ምን መስቀል ሣለ?» አለችኝ። መልሱን እናቷን እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ እናቷም ወደ እኔ መለሰቻት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ዕቃ ብዙም አልከተለውም። ሆኖም በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ አንድ ሰው ያመጣው ነው የተባለ የአሜሪካ ኮዳ ሲሰጡኝ እንቢ አላልኩም።

ምናልባት ከአንባቢዎች መካከል የአያቱ ዕቃ በቤቱ ያለው ይኖር ይሆናልና ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። አሮጌ ቆዳ በቅቤ አይታሽ፤ አይጥ ይጠራል፤ ቅቤውም ሲሻግት ቆዳውን ያበላሻል። በውሃ አይታጠብ፤ ፀሐይ ላይም አይሰጣ፤ ይሰነጠቃልና። በላስቲክ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርጎ በንጹሕ አቡጀዲ ሸፍኖ ማኖር ይሻላል። ናሱን በዐመድና በሎሚ ፈትገው እንደ ወርቅ የሚያበሩ ሰዎች አሉ፤ ከእድፉ ጋር የፋብሪካው ምልክትና ዓመተ ምሕረቱም አብሮ ይጠፋል። ያልተተኰሰ ጥይት የተገኘ እንደ ሆነ ግን፥ ምንም ያህል ያረጀ ቢመስል፥ በልጅ እጅ አይነካ፤ ለፖሊስ ማስታወቅ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። አዋጅ ቍጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ ይደነግጋል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ደግሞ ስለ ጦር መሣሪያ ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝ አይቻልም። እኔ በሣጥኔ ውስጥ ባዶ ቀልሃ እንጂ ጥይት አላኖርም፤ የዕቃዬንም ዝርዝር ከነፎቶግራፉ ለባህል ጽሕፈት ቤት አስገብቼ ቅጂውን በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፌአለሁ። እንዲህም ሆኖ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ በነሐሴም ወር በከተማችን ብዙ ሰው ያለቀበት መከራ ከወረደ በኋላ፥ ባለቤቴ ሌሊት ተነሥታ በሣጥኑ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ወረቀትህን እስኪያነቡልህ ድረስ ማን ይታገሣል? በዚህ ቤት ዝናር ተገኘ ከተባለ ማን የአያት ነው ይላል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ሣጥኑን በአህያ ጭነን ወደ አክስቷ ቤት ወሰድንና ከጤፉ ጎተራ አጠገብ አኖርነው፤ ስምንት ወርም ያህል ከዚያ ቈየ። ተመልሶ ሲመጣ ምስጥ ከታች ገብቶ ሁለት ስልቻና አንድ የኮርቻ ጠፍር በልቶ ነበር። የነጠላ ቅዳጅ የተጠመጠመበት ስልቻ ግን ከላይ ስለ ነበረ ተረፈ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፥ እስካሁን ካየኋቸው ዝናሮች ሁሉ የሚበልጠው በእኔ እጅ አለመሆኑን መናገር አለብኝ።

በምሠራበት ፍርድ ቤት አንድ የውርስ ክርክር ቀረበ። የባለ ጉዳዮቹን ስምና አገር መግለጥ አይገባኝም። ሁለት ወንድማማችና አንዲት እኅት ናቸው። የሟች አባታቸው ንብረት ዝርዝር በሬዎችን፥ የቆርቆሮ ቤትንና ንብ ያለባቸውን ቀፎዎች ይዞ ይወርድና በመጨረሻው ተራ ቍጥር ላይ «አንድ አሮጌ ዝናር፥ ግምቱ 80 ብር» ይላል። በበሬውና በቤቱ ላይ በሁለት ቀጠሮ ተስማሙ፤ በሰማንያው ብር ላይ ግን ዓመት ከመንፈቅ ቆሙ። ታላቁ «በኵሩ እኔ ነኝ፤ የአርበኛ ትጥቅ ለበኵር ነው» ይላል። ታናሹ «አያ ከተማ ገብቶ ሲኖር አባቴን የጦርሁ እኔ ነኝ» ይላል። እኅታቸው ዝናሩን በቤቷ ያኖረች ስትሆን፥ «ለሴት ዝናር ምን ያደርግላታል?» ብለው ሁለቱም በርሷ ላይ ባንድ ቃል ይናገራሉ። እርስ በርሳቸው የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበረ።

አንድ ቀን ታናሹ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ጠብቆ፥ «ጌታዬ፥ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ይገዛሉ አሉ፤ 2,000 ብር ይስጡንና ክርክሩ ይለቅ፤ ብር እንካፈላለን» አለኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ክርክር ያለበትን ንብረት አይገዛም፤ እንዲሁ ነገርኩት፤ ሄደ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝናሩን ገና በዓይኔ አላየሁትም ነበር፤ ባላየሁት ነገር ይህን ያህል መመኘቴ ባለቤቴን አሳቃት።

ኋላ ዳኛው ዝናሩ ቀርቦ ለመዝገብ ቤት ገቢ እንዲሆን አዘዙ። ምልክቱን ዘርዝሮ መረከብ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ በእጄ ያዝኩት። እንደ ሌላው ጊዜ ጣቴን አገባሁ። ማደሪያዎቹ 36 ናቸው። በ24ቱ አውራ ጣቴ ገባ፤ የውጅግራ ነው። በግራ በኩል ያሉት 12 ግን ትንሿን ጣቴን ብቻ የሚያስገቡ ሆኑ። በብርሃን ሳየው የጠበቡት በኋላ በተጨመረ ስፌት ነው፤ ስፌቱም የቆዳ ሠራተኛ ስፌት አልነበረም፤ ሴቶች ሞሰብና ሰፌድ ሲሰፉ እንደሚያደርጉት እየተጠመጠመ የሄደ ነው። ይህንኑ በመረከቢያው ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ዳኛው ጽሑፉን በችሎት ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው፥ «አሥራ ሁለቱን ያጠበበው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወንድማማቾቹ ተያዩ። እኅታቸው ተነሥታ፥ «አያቴ ናቸው፥ ጌታዬ» አለች። «አያታችን የጣልያኑን ጠመንጃ በማረኩ ጊዜ ጥይቱ ቀጭን ሆኖ ከዝናሩ እየሾለከ አስቸገራቸው። ሌሊት ለስንቅ ወደ ቤት በመጡ ጊዜ አያቴ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጠው እስኪነጋ ሰፉት። ወስፌያቸው ከእኔ ዘንድ አለ።» በቀጠሮው ቀን ወስፌውን በመቀነቷ ቋጥራ አመጣች። ጫፉ በቆዳው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ልክ ገባ። ታላቁ ወንድሟ ቀርቦ አየና ምንም ሳይናገር ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ተመራ፤ እነርሱም ባንድ ቀን ጨረሱት። ዝናሩ በእኅታቸው ቤት ይኑር፤ ሚያዝያ 27 የድል በዓል ሲከበር ወንድማማቾቹ በየዓመቱ እየተፈራረቁ ይታጠቁት፤ በማግሥቱም ይመልሱላት ተባለ።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ወደ ቤቷ ሄጄ በደብተሬ ላይ ልገለብጠው ፈቃድ ጠየቅኳት። ቡና አፈላች። ርዝመቱን፥ ስፋቱን፥ የስፌቱን ዓይነት ጽፌ ስጨርስ፥ ከመጨረሻው ማደሪያ አንድ የውጅግራ ቀልሃ አወጣች፤ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ውታፉን ነቅላ በሰንበሌጥ ብታጫውተው ጥቍር ኩል ወጣ። የአያቷ ነው፤ ባላቸው ከተኰሱት ቀልሃ አንዱን ለኩል መያዣ አድርገውት ነበር። እርሷም እስከ ዛሬ ትኳልበታለች።

«ይህንም በደብተርዎ ይጻፉልኝ» አለችኝ። «ዝናሩ የቤቱ ነው፤ ቀልሃው ግን የኔ ነው፤ በሚያዝያ 27ም ከቤት አይወጣም ብለው ይጻፉ።»

እንዳለችው ጻፍኩ።